ሳጥኖቹ የታፈኑበት ሰሞን

ልጄ ሌባ አይደለም። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ልቤ ይረፍ፤ ሌላውን ቀስ ብዬ እነግራችኋለሁ።

ስሜ ጸሐይወርቅ ነው። ካርቱም ግን ይህን ስም በአፉ መያዝ አቅቶት ኡም ኦማር ይለኛል፤ የኦማር እናት ማለት ነው። እዚያው ካርቱም ሪያድ በሚባል ሰፈር፣ ዶክተር አልሲር ቤት አስራ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። አበስላለሁ፣ አጸዳለሁ፣ የቤቱን ሰው ሁሉ አመል እችላለሁ። የኦማር አባት ሱዳናዊ ነበር፤ ልጁ አራት ዓመት ሳይሞላው ሞተብኝ። ኦማር ያደገው ኦምዱርማን አክስቱ ዘንድ ነው። አሁን ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ ኮምፒውተር ይጠግናል፣ ለሠርግ ድምፅ ማጉያ ይተክላል። ጆሮው ግን ለሠርግ ጩኸት የተፈጠረ አይደለም። ማቀዝቀዣው ሳይበላሽ ገና ከሳምንት በፊት "ዩማ፣ ይሄ ሞተር ሊሞት ነው" ብሎኝ ያውቃል፤ ዩማ ማለት እማዬ ነው።

ዶክተሩ ሀንጋሪ የተማሩ የልብ ሐኪም ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሥራቸው ሙዚቃ መስማት ሆኗል። ሙዚቃ ስላችሁ ደግሞ እስክስታ የሚያስወርድ እንዳይመስላችሁ! ሰማንያ ፈረንጅ ተሰብስቦ ቫዮሊን ሲገዘግዝ የሚውልበት፣ አንድ ሰዓት ሙሉ አንድም ሰው አፉን ከፍቶ የማይዘፍንበት ሙዚቃ ነው። ለዚሁ ብለው አንድ ክፍል ለይተዋል። ግድግዳው ምንጣፍ ለብሷል። መሐል ላይ የሳቸው ወንበር አለ፤ ከወንበሩ ፊት ለፊት ደግሞ ደረቴ ድረስ የሚደርሱ ሁለት ጥቁር ስፒከሮች ቆመዋል። እኔ ሳጥን ነው የምላቸው።

ሳጥኖቹን መወልወል እችላለሁ፤ ንቅንቅ ማድረግ ግን አይሞከርም። ከኔ በፊት የነበረችው ልጅ አንዱን ሳጥን ስንዝር ያህል ገፋ አድርጋ ስትጠርግ ደረሱባት። በዚያው ቀን "ማዓሰላማ"፣ ደህና ሁኚ፣ ተብላ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። የኔ ኢቃማ ደግሞ፣ የመኖሪያ ወረቀቴ ማለቴ ነው፣ የሚታደሰው በሳቸው ስም ነው። ከዚያ ቤት ወጣሁ ማለት ከአገሩ ወጣሁ ማለት ነበር። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ ኦማርም ያውቃል።

ኦማርን ከዶክተሩ ጋር ያገናኘሁት እኔው ነኝ። ዘመኑ በፈረንጆቹ 2016 ነው። አሜሪካ ሱዳን ላይ ማዕቀብ ጥላለች፤ የካርቱም ባንክ ካርድ ድንበር አይሻገርም፤ በኢንተርኔት ከፍሎ ሙዚቃ መግዛት አይታሰብም። የኦማር የአጎት ልጅ ግን ዱባይ ይሠራል። እዚያ ይገዛና ሃርድ ዲስክ ላይ ሞልቶ በመንገደኛ እጅ ይልክለታል። ዶክተሩ ሲዲ ነበር የሚሰሙት። ኦማር የሚያመጣላቸው ያንኑ ኦርኬስትራ፣ ያንኑ ሙዚቃ ነው፤ ነገር ግን ስቱዲዮ ሲቀዳ እንደነበረ፣ ምንም ሳይቀነስለት። ፋይሉ ከሲዲው ብዙ እጥፍ ይከብዳል። እኔ "ትልቁ ፋይል" እለዋለሁ። ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው ብዬ ብጠይቀው "ለሰማው ሰው ብዙ ነው፣ ላልሰማው ምንም ነው" አለኝ። እኔ ካልሰሙት ወገን ነኝ።

ሐምሌ መግቢያ ላይ ሐቡቡ መጣ። ያላያችሁት እንደሆነ፣ ሰማዩን የሞላ ቀይ አቧራ እንደ ግድግዳ ቆሞ ወደ ከተማው ይራመዳል። ሐቡብ ሲመጣ ካርቱም ውስጥ ያለች ሴት ሁሉ ሥራዋ አንድ ነው፤ ቀዳዳ መድፈን። በመስኮቱ ሥር ጨርቅ፣ በበሩ ሥር ጨርቅ፣ በማቀዝቀዣው ዙሪያ ጨርቅ። ሳጥኖቹ ከጀርባቸው እጅ የሚያስገባ ክብ ቀዳዳ አላቸው። ባለፈው ዓመት አቧራ ገባበት ብለው ዶክተሩ ሳምንት ሙሉ ሲነጫነጩብኝ ከርመዋል። ዘንድሮስ ቀደምኳችሁ አልኩና የባለቤታቸውን የሲት ራሺዳን አሮጌ ቶብ፣ ገላዋ ላይ የምትጠቀልለውን ረጅም ጨርቅ፣ ለሁለት ቀድጄ ሁለቱንም ቀዳዳ ጥቅጥቅ አድርጌ ደፈንኩት። ቀዳዳ ነዋ! ቀዳዳ ለአቧራና ለአይጥ ካልሆነ ለምን ይጠቅማል? ሳጥን በጀርባው እንደሚተነፍስ ማን ነገረኝ? ሐቡቡ አለፈ። መስኮቱን ከፈትኩ፣ በሩን ከፈትኩ፣ ያንን ግን ረሳሁት።

በዚያው ሳምንት ኦማር አዲሱን ዲስክ ይዞ መጣ። ይኸው ነው መዘዙ።

ዶክተሩ አዲሱን ፋይል ሰሙት፤ ፊታቸው አልፈካም። በማግስቱም ሰሙት፤ አልፈካም። ሲዲውን አውጥተው ሞከሩት፤ ያው ሆነባቸው። ምግብ ቀነሱ። ጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄደው ተመለሱና ለሲት ራሺዳ "ዕድሜ ነው አለኝ" ሲሏት ከወጥ ቤት ሰማሁ። ሦስት ሳምንት ቤቱ ለቅሶ ቤት መሰለ። በመጨረሻ ግን ዕድሜያቸውን ከመውቀስ ልጄን መውቀስ ቀለላቸው። "ይሄ ልጅ ሲዲ ገልብጦ፣ አሳብጦ፣ ትልቅ ፋይል ነው ብሎ ሰጥቶኛል" አሉ።

ይህ በእኛ መካከል ቢቀር ኖሮ እሰየው ነበር። ነገር ግን ኡስታዝ ሐቲም የሚባል የሲት ራሺዳ የእህት ልጅ አለ። ካርቱም ውስጥ የሙዚቃ መቅጃ ስቱዲዮ ሊከፍት ነው። ዕድሜው ከኔ ያንሳል፣ ኩራቱ ግን ከጣሪያ በላይ ነው፤ በልቤ አንቱ ብዬው አላውቅም። ዶክተሩ ራሳቸው ከወር በፊት "የድምፅ ባለሙያ ከፈለግህ ኦማርን ውሰድ" ብለውት ነበር። ልጄ ያን ሰሞን እንቅልፍ አልነበረውም። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚመኘው ሥራ ነው፤ ድንኳን ለድንኳን ሽቦ መጎተት የሚቀርበት፣ ሰው የሚሆንበት ሥራ። አሁን ዶክተሩ ሐቲምን ጠሩትና "ከመቅጠርህ በፊት እዚሁ ፊትህ እንፈትነው" አሉት። ፋይሉ ከሲዲው ካልተለየ ኦማር አጭበርባሪ ነው፣ ሥራውም ቀረ። ነገሩ ይኸው ነበር።

ዓርብ ከምሳ በኋላ ተሰበሰቡ። ዶክተሩ ወንበራቸው ላይ፣ ፊታቸውን ወደ ሳጥኖቹ አዙረው ተቀመጡ። ሐቲም ከኋላቸው ኮምፒውተሩ ጋ ሆነ። የትኛውን ቀድሞ እንደሚያጫውት እሱ ብቻ ያውቃል፤ ወረቀት ላይ ጽፎ አጠፈውና ብርጭቆ ጫነበት። ኦማርን በሩ አጠገብ አስቀመጡት። "እጅህን ጉልበትህ ላይ አድርግ፣ አንድም ነገር አትናገር" አለው ሐቲም። ልጄን እንደ ሌባ! ደሜ ፈላ፤ ግን የካርካዴ መጠጡን ይዤ መግባት ነበረብኝ።

የመጀመሪያው ተጫወተ። አሥር ደቂቃ ያህል ፈጀ። ሲያበቃ ዶክተሩ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ታፍኗል" አሉ። "ኮንትራባሶቹ፣ እነዚያ ወፍራም ድምፆች የት ሄዱ? ከበሮው የት አለ? አፋቸው ውስጥ ጨርቅ የተጠቀጠቀ ይመስላል።"

ክው አልኩ። አንዱ ብርጭቆ ከትሪው ላይ ተደፋ። ጨርቅ! የሲት ራሺዳ ቶብ! በሦስት ሳምንት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ትዝ አለኝ፤ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። በዚያች ሰዓት መናገር ነበረብኝ። አውቃለሁ፣ አትንገሩኝ። ግን ያቺ ሻንጣዋን ይዛ የወጣችው ልጅ ፊቴ ላይ ድቅን አለች። ኢቃማዬ ድቅን አለብኝ። ጎንበስ ብዬ የፈሰሰውን ጠረግሁ።

ወዲያው የከሰዓት በኋላው የአስር ሶላት አዛን ተሰማ። ሐቲም ኮምፒውተሩን ከደነ፤ ማዕዘኑ ላይ ወዳለው መስጊድ ሊሄዱ ተነሡ። ኦማርም እንደ አባቱ ሙስሊም ነውና አብሯቸው ወጣ። ሲያልፍ ዝቅ ብሎ "ዩማ፣ ምን ሆንሽ?" አለኝ።

"ምንም አልሆንኩ፣ ሂድ ስገድ" አልኩት።

በሩ እንደተዘጋ ሮጬ ገባሁ። እጄን በሳጥኑ ቀዳዳ ሰድጄ ጨርቁን ሳብኩት፤ ያ ሁሉ ጨርቅ እየተንዘላዘለ ወጣ። ሁለተኛውንም አወጣሁ። የፈሰሰውን አቧራ በቀሚሴ ጠረግሁ፣ ጨርቁን ሽርጤ ኪስ ውስጥ ጎሰርኩት። "እመቤቴ፣ ይህን አንድ ቀን ብቻ አሳልፊልኝ" አልኩ። አእምሮዬ ውስጥ የነበረው አንድ ነገር ነው፤ ሳጥኖቹ ዳኑ፣ አሁን ድምፁ ያምራል፣ ልጄም ነጻ ይወጣል። የመጀመሪያው ከነጨርቁ እንደተሰማ፣ ሁለተኛው ያለ ጨርቅ እንደሚሰማ፣ ያ ምን ማለት እንደሆነ አላሰብኩም። ወይኔ!

ተመለሱ። በየቦታቸው ተቀመጡ። ሁለተኛው ጀመረ።

እናንተዬ፣ እኔ እንኳን ሰማሁት! ወለሉ በባዶ እግሬ ሥር ተርገበገበ። ያ ወፍራም ድምፅ ሆዴ ውስጥ ገባ። ዶክተሩ የወንበሩን እጀታ ጨበጡ፣ እንባቸው ቅርር አለ። ሐቲም "ያ ሰላም!" ብሎ ከመቀመጫው ብድግ አለ። ደስታ አፈነኝ። አበቃ፣ ልጄ ተረፈ አልኩና ወደ ኦማር ዞር አልኩ።

ኦማር ፊቱ አመድ መስሏል። ኮምፒውተሩን አላየም። ሳጥኖቹን አየ፣ ከሳጥኖቹ ጀርባ ያለውን ግድግዳ አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ዓይኑ ያበጠው ሽርጤ ላይ ቆመ። ወዲያው አንገቱን ደፋ።

ሙዚቃው ሲያልቅ ዶክተሩ ዞሩ። "ሁለተኛው!" አሉ በደስታ። "ያለ ጥርጥር ትልቁ ፋይል ሁለተኛው ነው። ኦማር ልጄ፣ በከንቱ አማሁህ።"

ሐቲም ብርጭቆውን አንሥቶ ወረቀቱን ዘረጋ። አነበበው። ከዚያ ለዶክተሩ ሰጣቸው።

"የመጀመሪያው ነው ትልቁ ፋይል" አለ። "ሁለተኛው ሲዲው ነው።"

ነገሩ የገባኝ ይሄኔ ነው። የልጄን ፋይል ያሰማኋቸው አፉን አፍኜ ነው፤ ሲዲውን ያሰማኋቸው አፉን ከፍቼ ነው። ላድነው ብዬ በገዛ እጄ ገደልኩት።

"ይሄ ሲዲ አሳብጦ የሰጠ እንኳ አይደለም" አለ ሐቲም። "ከሲዲ የባሰ ነው። ከሆነ ሞባይል ላይ የተለቃቀመ ቆሻሻ ነው አምጥቶ የሸጠልዎ።"

ዶክተሩ ኦማርን አዩት። "ምን ትላለህ?"

"ፋይሉ ትክክለኛ ነው" አለ ኦማር።

"ታዲያ ይሄ ሁሉ ልዩነት ከየት መጣ?"

ዓይኑ አንዴ ብቻ ወደ እኔ ሸሽቶ ተመለሰ። "አላውቅም" አለ።

አላውቅም አለ! ሽርጤን አይቶ፣ ሁሉን አውቆ፣ "አላውቅም" አለ። ሐቲም "እኔ ስቱዲዮ ሌባ አይገባም" አለ። ዶክተሩ በጣታቸው በሩን አሳዩት። ልጄ ቦርሳውን አንሥቶ ተነሣ፤ አንድም ቃል ሳይናገር ሊወጣ ነው።

ከዚያ በኋላ ኢቃማም አልታየኝ፣ ማዓሰላማም አልታየኝ። ጨርቁን ከኪሴ መዝዤ ምንጣፉ ላይ ወረወርኩት። አቧራው ቡን አለ።

"እኔ ነኝ!" አልኩ። ጮህኩ እንጂ። "ለሐቡቡ ብዬ ቀዳዳውን የደፈንኩት እኔ ነኝ! እናንተ ሶላት ስትሄዱ ያወጣሁትም እኔ ነኝ! ልጄ ሌባ አይደለም! ሌባ ካላችሁ እዚህ ፊታችሁ ያለችውን በሏት!"

"ለልጇ ስትል ነው" አለ ሐቲም። "የፈጠረችው ነው።"

"አንተ ዝም በል!" አልኩት። አንቱ አላልኩትም፤ አሁንም አልጸጸትም።

ዶክተሩ ግን ጨርቁን አንሥተው አዩት። ሰባ ዓመታቸው ነው፤ ወለሉ ላይ ተንበረከኩና በገዛ እጃቸው ቀዳዳዎቹን ደፈኑ። ሲዲውን አስጫወቱት፤ ታፈነ። ጨርቁን አወጡ፤ ወለሉ ተርገበገበ። ትልቁን ፋይል አስጫወቱት፤ እሱም ወለሉን አርገበገበ። ሐቲም እጁን አገጩ ላይ አድርጎ ሰማ። ክርክር አልቀረም።

ልጄ ነጻ ወጣ ብዬ በረጅሙ ተነፈስኩ። ሐቲም ግን ወደ ኦማር ዞረ።

"ሁለተኛው ሲጀምር ሰምተህ ነበር?"

"ሰምቻለሁ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከመጀመሪያው ምት። ፋይል እንዲህ አይለያይም። ከስፒከሮቹ የሆነ ነገር እንደተነሣ አውቄያለሁ።"

"ስንጠይቅህስ ለምን አላውቅም አልክ?"

ኦማር ወደ እኔ ዞረ። ሐቲምና ዶክተሩም ዓይኑን ተከትለው እኔን አዩ።

"ሌባ ስላልኩህ ይቅር በለኝ" አለ ሐቲም። ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው ድምፅ ሆነ። "ዋላሂ እንዳንተ ያለ ጆሮ አላየሁም። ግን እኔ የምፈልገው ጆሮ ብቻ አይደለም። የተበላሸ ነገር ሲሰማ፣ ያበላሸው ማንም ይሁን ማን፣ አቁሙ ብሎ የሚጮህ ሰው ነው የምፈልገው። ዛሬ እናትህ ናት። ነገ ጓደኛህ ይሆናል።"

"እናቱ ነኝ እኮ!" አልኩት። "እናቱን አሳልፎ ይስጥ?"

"ለዚህ ነው የማልቆጣው" አለ። ቁልፉን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቶ ወጣ። መኪናው ሲነሣ ሰማን። ኦማርም ቦርሳውን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ግቢው ወጣ።

እኔ ቆምኩ። ማዓሰላማ እስክባል ነበር የምጠብቀው። ዶክተሩ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ እንደገና ያንን ሙዚቃ ከፈቱ። አንድ ደቂቃ ያህል ሰሙ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ቀረብ አልኩ። እየሳቁ ነው!

"ራሺዳ!" ብለው ተጣሩ። "ራሺዳ፣ ነይ! ጆሮዬ ደህና ነው! ጨርቅ ነው! ያንቺ ቶብ ነው!" ሲት ራሺዳ እየሮጠች ገባች፤ ነገሯት፤ እሷም ሳቀች። ዶክተሩ እጄን ያዙኝ። "ኡም ኦማር፣ ደንቁሬያለሁ ብዬ ሦስት ሳምንት ሙሉ ራሴን ቀብሬ ነበር እኮ" አሉኝ። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

"እና... አያባርሩኝም?" አልኩ።

"ማባረር? ለጨርቅ? አብደሻል እንዴ! ያኔውኑ ብትነግሪኝ ኖሮ ያኔውኑ እስቅ ነበር።"

ይህን ሲሉኝ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር አይደል? ግን ደስ አላለኝም፤ ያቺን ያባረሯትን ልጅ እሳቸው ረስተዋታል። እኔ አስራ ሁለት ዓመት የፈራሁት ነገር ይኸው ነው። ልጄ የዕድሜ ልክ ምኞቱን የሰጠው ለዚህ ነው።

ኦማር ከበሩ ውጭ፣ ከግንቡ ሥር ባለች ትንሽ ጥላ ውስጥ ቆሞ ይጠብቀኛል። የመጣበት ረክሻ፣ ባጃጁ፣ ሄዷል። እንዳየኝ ተጠጋኝ፤ ከንፈሩ ደርቋል።

"አባረሩሽ?"

"አላባረሩኝም።"

"ኢቃማውስ?"

"ያድሱታል።"

ዓይኑን ጨፍኖ "አልሐምዱሊላህ" አለ። ፊቱ ላይ የነበረው ሁሉ ረገፈ፤ ፈገግ እንኳን አለ። "ቀሪው ምንም አይደል፣ ዩማ። ዋላሂ ምንም አይደል። አንቺ ብቻ አትውጪ። ግን እንዴት ማሩሽ? ምን አልሻቸው?"

ልዋሸው አሰብኩ። እግራቸው ላይ ወደቅሁ፣ ለመንኳቸው፣ በስንት መከራ ማሩኝ ልለው አሰብኩ። ግን በዚያች ቀን ውሸት በቃኝ።

"ምንም አላልኳቸውም" አልኩት። "ሳቁ።"

"ሳቁ?"

"ጆሯቸው ደህና ስለሆነ ደስ አላቸውና ሳቁ። ሲት ራሺዳም ሳቀች። ቀድሜ ብነግራቸውም ይስቁ እንደነበር ነገሩኝ።"

ልጄ ቦርሳውን ከትከሻው አውርዶ መሬት ላይ አኖረው። እንዲሰድበኝ ፈለግሁ፤ በአረብኛም በአማርኛም ይስደበኝ ብዬ ጠበቅሁት። አልሰደበኝም።

"ይህን ያህል ቀላል ነበር?" አለኝ።

"አዎ ልጄ" አልኩት። "ይህን ያህል ቀላል ነበር።"